የተከፈለን ሁሉ ትርፍ ነውን?
የአንድ አነስተኛ የነዳጅ ሽርክና የሩብ ዓመት ሪፖርት እንዴት ይነበባል



ውድ እህትና ወንድሞች፣ «የሩብ ዓመት የሂሳብ ሪፖርት» የሚል ርዕስ ስናይ አብዛኞቻችን ገጹን ገልብጠን እናልፋለን። የአካውንቲንግ ተማሪዎች ጉዳይ ነው እንላለን። ይሁን እንጂ አባቱ የባንክ አክሲዮን ያልገዛ፣ እህቱ ዓረብ አገር ለፍታ የላከችውን ገንዘብ በጋራ ንግድ ላይ ያላዋለች፣ ወይም ለራሱ በቴሌግራም «ድርሻ ግዙ፣ በየወሩ ትርፍ ውሰዱ» የሚል መልእክት ያልደረሰው ከመካከላችን ስንቱ ነው? እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ስንት ይከፍላል?» ብለን ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን ከዚያ ቀጥሎ መምጣት ባለበት ጥያቄ ላይ ነው፦ የሚከፈለን ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ይህን ለማስረዳት አነስተኛ የነዳጅና የጋዝ ሽርክና ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ባለ ሱቅ ዕቃውን ሲሸጥ በምትኩ ሌላ ዕቃ ገዝቶ መደርደሪያውን ይሞላል። የነዳጅ ጉድጓድ ግን የወጣለትን በርሜል መልሶ አይተካም። በሸጠ ቁጥር ከራሱ ላይ እየቀነሰ ነው። ስለዚህ ትርፍና ዋና ገንዘብ የሚለያዩበት መስመር በዚህ ሥራ ላይ ከየትኛውም ንግድ በላይ ጎልቶ ይታያል። ምሳሌዎቼ ከአሜሪካ ናቸው፤ እንዲህ ያሉ ሽርክናዎች የበዙት እዚያ ነውና። በጽሑፉ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሽርክናው እንዴት ይዋቀራል?

በአሜሪካ ከመሬት በታች ያለ ማዕድን የግለሰብ ንብረት መሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ጥቂት ጉድጓዶችን፣ ወይም ከጉድጓዶቹ ሽያጭ ድርሻ የማግኘት መብትን በጋራ ይገዛሉ። አደረጃጀቱ በእኛ የንግድ ሕግ «ሁለት ዓይነት ኃላፊነት ያለበት የሽርክና ማኅበር» ከሚባለው ጋር ይቀራረባል። አንደኛው ወገን ሥራውን የሚመራውና ኃላፊነቱ ያልተወሰነው ሸሪክ ነው። ሌሎቹ ገንዘብ ያዋጡ ሸሪኮች ሲሆኑ፣ ቢከስር የሚያጡት ያዋጡትን ያህል ነው።

ሽርክናው ራሱ የገቢ ግብር አይከፍልም። ትርፉ በእያንዳንዱ ሸሪክ ስም ይመዘገብና ሸሪኩ ግብሩን ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1981 አፓቼ የተባለው ኩባንያ ድርሻው እንደ አክሲዮን በገበያ የሚሸጥ የመጀመሪያውን የነዳጅ ሽርክና አቋቋመ። ሌሎችም ተከተሉት። በ1987 የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን የግብር ጥቅም በሕግ ገደበው፦ በገበያ የሚሸጥ ሽርክና ጥቅሙን የሚያገኘው ቢያንስ 90 በመቶ ገቢው እንደ ነዳጅና ጋዝ ካሉ በሕጉ ከተዘረዘሩ ሥራዎች ሲመጣ ነው።

ድርሻቸው ለሕዝብ የተሸጠ ሽርክናዎች በየሦስት ወሩ ሪፖርት ለመንግሥት ተቆጣጣሪው አቅርበው ለሕዝብ ይፋ ያደርጋሉ። አነስተኞቹ ሩብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ 45 ቀን አላቸው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሩብ ዓመት ሪፖርት ኦዲት የተደረገ ሂሳብ አይደለም። ሙሉ ኦዲት የሚደረገው የዓመቱ ነው።

ጉድጓድ ያረጃል

እዚህ ላይ ትንሽ የኢንጂነሪንግ ነገር ያስፈልገናል። ነዳጅ ከድንጋይ ቀዳዳዎች ወደ ጉድጓዱ የሚፈሰው በግፊት ልዩነት ነው። በወጣ ቁጥር በድንጋዩ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ፍሰቱም አብሮ ይቀንሳል። አርፕስ የተባለ መሐንዲስ በ1945 ይህን አወራረድ በሒሳብ ቀመር አስቀመጠው። ቀመሩ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በአሮጌ ጉድጓድ ላይ ምርቱ በዓመት በጥቂት በመቶ ይወርዳል። ድንጋዩ በግፊት ተሰነጣጥቆ በሚመረትበት የሼል ጉድጓድ ላይ ግን በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከግማሽ በላይ መውረዱ የተለመደ ነው።

ምርቱ ሲቀንስ ወጪው እኩል አይቀንስም። ፓምፑ ያንኑ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ጠባቂው ያንኑ ደመወዝ ይቀበላል። ይባስ ብሎ ጉድጓዱ ሲያረጅ ከነዳጁ ጋር የሚወጣው ውኃ ይበዛል፤ ውኃውን ለይቶ ለማስወገድም ገንዘብ ይወጣል። ስለዚህ የአንዱ በርሜል ማውጫ ወጪ ከዓመት ዓመት ይጨምራል።

አንድ ሩብ ዓመት በቁጥር

አሁን በሐሳባችን አንድ አነስተኛ ሽርክና እናቋቁም። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ናቸው።

ሸሪኮች 10,000 ድርሻ እያንዳንዱን በ600 ዶላር ገዙ እንበል። በጠቅላላው 6,000,000 ዶላር ሆነ። በዚህ ገንዘብ የተገዙት ጉድጓዶች ውስጥ ሊወጣ የሚችል 400,000 በርሜል አለ ተብሎ ተገመተ። አንድ በርሜል 42 የአሜሪካ ጋሎን፣ ማለትም 159 ሊትር ገደማ ነው። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት እንዲህ ይላል፦

የተሸጠ ነዳጅ፦ 8,000 በርሜል
አማካይ ዋጋ፦ 70 ዶላር
ገቢ፦ 560,000 ዶላር
የማውጫ ወጪ፦ 200,000 ዶላር
የምርት ግብር፦ 40,000 ዶላር
የአስተዳደር ወጪ፦ 40,000 ዶላር
ከሥራው የተገኘ ጥሬ ገንዘብ፦ 280,000 ዶላር

አስተዳዳሪው 280,000 ዶላሩን በሙሉ ያከፋፍላል። ለአንድ ድርሻ 28 ዶላር ደረሰ። በ600 ዶላር ላይ በሦስት ወር 28 ዶላር፣ በዓመት 112 ዶላር ማለት ነው፤ ወደ 19 በመቶ ይጠጋል። ማስታወቂያ የሚሠራው ሰው የሚያወራው ይህን ቁጥር ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘልለውን መስመር እንመልከት። 6,000,000 ዶላሩን ለ400,000 በርሜል ብናካፍለው፣ መሬት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ በርሜል ሸሪኮቹን 15 ዶላር አስወጥቷቸዋል። በዚህ ሩብ ዓመት 8,000 በርሜል ወጥቷል። ስለዚህ 120,000 ዶላር የሚያወጣ ንብረት ተሸጦ ሄዷል። ይህ በሪፖርቱ ላይ «የመሟጠጥ ወጪ» ይባላል። በዚያ ቀን ለማንም የሚከፈል ገንዘብ ስላልሆነ የባንክ ሂሳቡ ላይ አይታይም። ቢሆንም እውነተኛ ወጪ ነው፤ ገንዘቡ ቀድሞ ጉድጓዱ ሲገዛ ተከፍሏልና።

280,000 ሲቀነስ 120,000 እኩል ይሆናል 160,000 ዶላር። የተጣራው ትርፍ ይህ ነው። ለአንድ ድርሻ 16 ዶላር ማለት ነው። ከተከፈለው 28 ዶላር ውስጥ 12 ዶላሩ ሸሪኩ ራሱ ያስገባው ገንዘብ ተመልሶለት ነው። 19 በመቶ የተባለውም በትክክል ሲሰላ 11 በመቶ ገደማ ሆነ።

አስተዳዳሪው ዋሸ ማለቴ አይደለም። ገንዘቡን ማከፋፈሉ የተስማሙበት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሽርክናዎችም የተቋቋሙት ለዚሁ ነው። ችግሩ የሚመጣው ተቀባዩ 28ቱንም ዶላር እንደ ትርፍ ቆጥሮ ሲበላው ነው። ምርቱ ሳይወርድ በዚህ መጠን ቢቀጥል እንኳ 400,000 በርሜሉ በአሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ያልቃል። ያን ጊዜ ክፍያው ይቆማል፤ 600 ዶላሩም የለም። በሬውን አርሶበት እህል የሸጠ ገበሬ አለ፤ በሬውን ሸጦ ገንዘቡን «የዘንድሮ ምርት» የሚል ገበሬም አለ። ሁለቱ በአንድ ቀን ገበያ ላይ እኩል ብር ቢይዙም እኩል አይደሉም።

«ገቢያችን አደገ»

የሪፖርቱ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ከአምናው ተመሳሳይ ሩብ ዓመት ጋር ያወዳድራል። አምና በዚሁ ወቅት ሽርክናችን 8,800 በርሜል በ60 ዶላር ሸጦ 528,000 ዶላር አግኝቶ ነበር እንበል። ዘንድሮ 560,000 ሆነ። «ገቢ በ6 በመቶ አደገ» ይባላል፤ እውነትም ነው። ዘርዘር ሲደረግ ግን ምርቱ በ9 በመቶ ወርዷል፤ ዋጋው ነው በ17 በመቶ ገደማ ጨምሮ የሸፈነው። የማውጫ ወጪውም አምና በበርሜል 22.70 ዶላር አካባቢ ከነበረበት ዘንድሮ 25 ዶላር ደርሷል።

ምርቱ የሽርክናው ነው፤ ዋጋው ግን የዓለም ገበያ ነው። የሽርክናውን ጤንነት የሚነግረን በርሜሉና የበርሜሉ ወጪ ነው። ዋጋው ዛሬ የሰጠውን ነገ ይወስዳል።

ሌላም ስስ ቦታ አለ። የመሟጠጥ ወጪው የተሰላው 400,000 በርሜል አለ በሚል ግምት ነው። ግምቱ ወደ 600,000 ከፍ ቢደረግ፣ የአንዱ በርሜል ዋጋ ከ15 ወደ 10 ዶላር ይወርዳል፤ የተጣራው ትርፍ ከ160,000 ወደ 200,000 ይወጣል። አንዲት ጠብታ ተጨማሪ ሳትሸጥ ትርፍ ጨመረ! ግምት በትልልቆቹም ዘንድ ይሳሳታል፤ ሼል በጥር 2004 «የተረጋገጠ» ብሎ ከመዘገበው ክምችት 20 በመቶ ያህሉን ከመዝገቡ እንደሚያወጣ ሲያስታውቅ ዓለም ደንግጧል። ስለዚህ የክምችቱን ግምት ማን አወጣው? ከሽርክናው ውጭ የሆነ መሐንዲስ አይቶታልን? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ዋጋ ሲወድቅ

በምሳሌያችን ዋጋው ከ70 ወደ 35 ዶላር ቢወርድ ምን ይሆናል? ገቢው በግማሽ ይቀንስና 280,000 ይሆናል። የምርት ግብሩ አብሮ ወደ 20,000 ይወርዳል። የማውጫው 200,000 እና የአስተዳደሩ 40,000 ግን እዚያው ናቸው። የሚተርፈው ጥሬ ገንዘብ 20,000 ዶላር ብቻ ነው። ዋጋው በግማሽ ሲወርድ ለሸሪኮች የሚደርሰው በ14 እጥፍ አነሰ፤ ከ28 ዶላር ወደ 2 ዶላር። የመሟጠጡን 120,000 ስንቀንስ ደግሞ ሽርክናው 100,000 ዶላር ከስሯል።

በዚህ ላይ የአሜሪካ የሂሳብ ደንብ ሌላ ፈተና ይጨምራል። አንደኛውን የሂሳብ ዘዴ የሚከተሉ ሽርክናዎች በየሩብ ዓመቱ የጉድጓዶቻቸውን የመዝገብ ዋጋ ከወደፊቱ ገቢ ጋር ማመዛዘን አለባቸው። የወደፊቱ ገቢ የሚሰላው ባለፉት 12 ወራት አማካይ ዋጋ ሲሆን፣ በዓመት 10 በመቶ እየተቀነሰ ወደ ዛሬ ዋጋ ይመጣል። የመዝገቡ ዋጋ ከዚያ ከበለጠ ልዩነቱ ወዲያው እንደ ኪሳራ ይጻፋል፤ ዋጋ ቢያንሰራራም ወደ ኋላ አይመለስም። የ12 ወር አማካይ ስለሆነ ኪሳራው የሚታየው ዋጋው ከወደቀ ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል። «ነዳጅ እየጨመረ ሳለ እነዚህ ለምን ከሰሩ?» የሚያሰኘው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህ ሁሉ የወረቀት ወሬ አይደለም። በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው የአሜሪካ ነዳጅ በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ወረደ። በኮሮና ወቅት፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2020፣ የወደፊት ርክክብ ውል ዋጋው ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ሆኖ ተዘጋ። ማከማቻ ሞልቶ ስለነበር ውል የያዙ ሰዎች ነዳጁን የሚረከብላቸው ፈልገው ገንዘብ ከፈሉ።

ዕዳ ያለበትና የሌለበት

በምሳሌያችን ሽርክናው 2,000,000 ዶላር በ8 በመቶ ወለድ ተበድሮ ቢሆን ኖሮ በየሩብ ዓመቱ 40,000 ዶላር ወለድ ይከፍል ነበር። ዋጋው 70 ሲሆን ይህ ብዙም አይሰማም። 35 ሲሆን ግን የተረፈችው 20,000 ዶላር ወለዱን እንኳ አትሸፍንም።

ሊን ኢነርጂ የሆነው ይኸው ነው። ሊን በዘርፉ ከሁሉ የገዘፈ ነበር። በሽርክና መልክ ግብር እየተከፈለበት ጉድጓዶችን እየገዛ ክፍያ ያከፋፍል ነበር፤ በ2013 መጨረሻ ቤሪ ፔትሮሊየምን ጠቀለለ። ምርቱ በየዓመቱ ስለሚወርድ ክፍያውን ለማስቀጠል ሌላ ጉድጓድ መግዛት ነበረበት፤ ለመግዛት ደግሞ ብድር። ዋጋ ሲወድቅ በ2015 ክፍያውን አቆመ፤ በሜይ 2016 ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ የኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። በዚያው ወር ብሬይትበርን ኢነርጂ ፓርትነርስም ተከተለው። የሸሪኮቹ ድርሻ ዋጋ አልባ ሆነ። በዚህ ላይ የተሰረዘ ዕዳ በግብር ሕጉ እንደ ገቢ ስለሚቆጠርና የሽርክና ገቢ በሸሪኮች ስም ስለሚመዘገብ፣ ገንዘባቸውን ያጡት ሰዎች የግብር ጥያቄም ተጋፈጡ።

በሌላ በኩል ዶርቼስተር ሚኒራልስን ተመልከቱ። በ2003 ሦስት ሽርክናዎች ተዋሕደው የተመሠረተ፣ መቀመጫው ዳላስ የሆነ ሽርክና ነው። አብዛኛው ሀብቱ ሌሎች ከሚቆፍሩት ጉድጓድ ድርሻ የማግኘት መብት ነው። የመመሥረቻ ስምምነቱ ብድርን በጣም አጥብቦ ይገድባል። ከወጪና ከመጠባበቂያ የተረፈውን በየሩብ ዓመቱ ያከፋፍላል፤ ክፍያው ከዋጋው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በ2020 ክፍያው ቢያሽቆለቁልም አልተቋረጠም። ዕዳ የራቀው በግብር ምክንያት እንጂ በሃይማኖት አይደለም፤ ውጤቱ ግን ለማንም የሚታይ ነው። የሚዋዥቅ ክፍያ አንዳንዴ ሐቀኛ ክፍያ ነው። የማይዋዥቅ ሲሆን «ክፍተቱን የሚሞላው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

መድረሳ የተማርነው ሕግ

ይህ የሂሳብ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። በሙዳረባ ሕግ ፉቀሃዎች ያስቀመጡት መርሕ አለ፦ ትርፍ የሚባለው ዋናው ገንዘብ፣ ረእሱል ማል፣ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ በኋላ የሚተርፈው ነው። ከዚያ በፊት የተከፋፈለ ነገር ካለ በመጨረሻው ሂሳብ ላይ ይታሰባል። ከላይ 28ቱን ዶላር ወደ 16 እና 12 የከፈልነው በዚሁ መንፈስ ነው። እንዲሁም ሙዳሪቡ ለገንዘቡ ባለቤት የተቆረጠ ትርፍ ዋስትና መስጠት አይችልም፤ የተስማሙት ከትርፉ ላይ በድርሻ ነው። ስለዚህ «ኢስላማዊ ሽርክና ነው፣ በየወሩ ይህን ያህል በመቶ የተረጋገጠ» ሲባል ሁለቱ ቃላት እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ ማስተዋል አለብን። አንድ የተወሰነ ውል ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ለኡስታዞቻችንና ለዑለማዎቻችን እንተወው። እነሱ ዘንድ ከመሄዳችን በፊት ግን ውሉንና ሂሳቡን አንብበን መሄድ የእኛ ድርሻ ነው።

ሪፖርት ሲደርሳችሁ

ለነዳጅ ብቻ አይደለም፤ ለመኪና፣ ለማሽን፣ ለሕንፃ ሽርክናም ይሠራል። አምስት ጥያቄ ያዙ፦

1. የተከፈለው ገንዘብ ከተጣራው ትርፍ ይበልጣል? ከበለጠ ልዩነቱ የራሳችሁ ዋና ገንዘብ፣ ወይም ብድር፣ ወይም የአዲስ ገቢዎች መዋጮ ነው። የመጨረሻው ከሆነ ሽሹ።
2. ገቢው ያደገው በመጠን ነው ወይስ በዋጋ?
3. ንብረቱ የሚያረጅበት ወጪ ተቀንሷል? የንብረቱን ዕድሜ የገመተው ማን ነው?
4. ዕዳ አለ? ገቢው በግማሽ ቢወርድ ዕዳው ይከፈላል?
5. ሂሳቡን ከውጭ ሰው ኦዲት አድርጎታል? አስተዳዳሪው ከስሮም ቢሆን የሚወስደው ክፍያ ስንት ነው?

ጊዜውም ደርሷል። የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2025 ሥራውን በይፋ ጀምሯል፤ የሂሳብ መግለጫ ማንበብ የጥቂቶች ሙያ ሆኖ አይቀርም። በሶማሌ ክልል በካሉብና በሂላላ ያለው ጋዝም በዚሁ ሒሳብ የሚገዛ ነው፤ የወጣው አይተካም። እሱን የምናመርተው መሐንዲሶችም፣ ሂሳቡን የምንጽፈውም፣ የምንጠይቀውም ነገ እኛው ነን። በዚህ ረፍት ወደ ቤት ስትመለሱ አባታችሁ ወይም እህታችሁ ድርሻ የያዙበት ነገር ካለ የመጨረሻውን ሪፖርት ጠይቃችሁ አብራችሁ ተቀመጡበት። ሪፖርት የሚባል ነገር ኖሮ የማያውቅ ከሆነም መልሱን አግኝታችኋል።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።